ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ወረቀት ድርብ የሚያነሣ ማተሚያ፦ ስታቲክ ነው ወይስ ሌላ?

መነሻ ጥያቄ

ይህን ጥያቄ ወደ መድረኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክሩ (ጥያቄውና የተከተሉት መልሶች) ሦስት ሳምንት ያህል ስለቆየና መልሶቹም እርስ በርሳቸው እየተጠላለፉ ስለሄዱ፣ አሁን የሚገባ አንባቢ ከላይ እስከ ታች እንዳይንከራተት በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ልተርካቸው ወደድሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥሁም፤ የተረዳሁትን ነው የምጽፈው፤ ያልተስማማሁበትንም አልደብቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ 50 ካሬ ሜትር በሆነች ክፍል አንድ ያገለገለ ሃይደልበርግ ጂቲኦ 52 የሚባል የኦፍሴት ማተሚያ ይዤ እሠራለሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ የአንድ ትምህርት ቤት የመልመጃ መጽሐፍ በ60 ግራም (በካሬ ሜትር 60 ግራም በሚመዝን ስስ) ወረቀት ማተም ጀመርን። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ማሽኑ በሰዓት 6,000 ሉክ ያለ አንዳች እክል ይጎትታል። 5 ሰዓት ሲያልፍ ግን ሌላ ማሽን የሆነ ይመስላል። ሳከሮቹ (ወረቀቱን በአየር መጥጠው የሚያነሡት ባለ ላስቲክ ጫፎች) አንዱን ሉክ ሲያነሡ ሁለተኛው ተከትሎ ይነሣል፤ ድርብ ወረቀት የሚቆጣጠረው ክፍል ማሽኑን ያስቆመዋል፤ ካልቆመም ሉኩ ተንጋዶ ይገባና ኅዳጉ ይዛባል። በመውጫው በኩል የታተሙት ሉኮች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አይደላደሉም፤ ክምሩን ሊያስተካክል እጁን የሚዘረጋው ልጅ የክንዱ ፀጉር ይቆማል፣ አንዳንዴም ጣቱን ይነዝረዋል። ጥር የሠርግ ወር ነውና በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማሽን የጥሪ ካርድ ለማተም 250 ግራም ወረቀት ስንጭን ግን ምንም ችግር የለም።

ከዚህ ተነሥቼ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የስታቲክ፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ፣ ነው ብዬ ጻፍሁ። አዮናይዘር የሚባለውን የስታቲክ ማጥፊያ መሣሪያ ከውጭ ለማስመጣት ገንዘብ ማፈላለግ ከመጀመሬ በፊት ርካሽ መፍትሔ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲነግረኝም ጠየቅሁ። ሙሉ በሙሉ የምትለው ቃል ኋላ ብዙ አስወቅሳኛለች።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መልስ ሰጪ በማተሚያ ማሽን ጥገና የሚተዳደር ሰው ነበር። በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ከመልስ ይልቅ ጥያቄ አስከተለ፦ የክፍሉ ሙቀት ስንት ነው፣ አንጻራዊ እርጥበቱስ (አየሩ ሊሸከም ከሚችለው ውኃ የያዘው ድርሻ)? ወረቀቱ በፋብሪካ ልክ የመጣ ነው ወይስ እኛ ራሳችን የቆረጥነው? ማሸጊያው ከተከፈተ ስንት ቀን ሆነው? ለኦፍሴት ኅትመት የሚመከረው ከ20 እስከ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከ50 እስከ 55 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት መሆኑን አስታወሰ። እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ ወረቀት በተፋተገና ከሌላ ነገር በተላቀቀ ቁጥር ቻርጅ ይይዛል፤ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። የእርጥበት መለኪያ ሳይገዙ ስለ ስታቲክ መከራከር ቴርሞሜትር ሳይዙ ስለ ትኩሳት እንደ መከራከር ነው ሲልም ደመደመ። ሙቀት መለኪያ እንጂ የእርጥበት መለኪያ እንዳልነበረኝ እዚህ ላይ አምናለሁ።

መልስ 2፦ ከመርካቶ አካባቢ የጻፈ ባለማተሚያ ነገሩ ይህን ያህል መወሳሰብ እንደሌለበት ተናገረ። እሱ ዘንድ በበጋ ወራት በየሁለት ሰዓቱ ወለሉ በውኃ ይረጫል፤ በወረቀት ክምሩ ዙሪያም የተነከረ ጆንያ ይሰቀላል። ሃያ ዓመት በዚህ ዘዴ ሠርቷል፤ አንድም ቀን አልተቸገረም።

መልስ 3፦ ለዚህ የተሰጠው መልስ በክሩ ውስጥ የመጀመሪያው ሻካራ መልስ ነበር። ጸሐፊዋ በአንድ ትልቅ ማተሚያ ቤት የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሆነች ገልጻ፣ ወለል መርጨቱን እንደማትቃወም፣ እርጥብ ጆንያ ከክምር አጠገብ መስቀል ግን ወረቀቱን ማበላሸት እንደሆነ ጻፈች። የተከመረ ወረቀት እርጥበት የሚቀበለውም የሚሰጠውም በጠርዙ ነው። ጠርዙ ሲረጥብ ይረዝማል፤ መካከሉ እንደነበረ ስለሚቀር ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሞገዳል። በደረቅ አየር ደግሞ ተገላቢጦሹ ይሆናል፤ ጠርዙ ይኮማተርና መካከሉ ይነፋል። ሁለቱም ሉኩ ፊት ለፊት ካለው ማቆሚያ ላይ ቀጥ ብሎ እንዳያርፍ ያደርጉታል። ቃጫው ከተኛበት አቅጣጫ ይልቅ በተሻጋሪው በኩል የሚታየው ለውጥ የበዛ መሆኑንም ጨመረች፤ ስለዚህ ሉኩ የሚሞገድበት ጎን ወረቀቱ እንዴት እንደተቆረጠም ይናገራል። ሃያ ዓመት ያለ ችግር ሠራሁ ያለው ሰው ችግሩን አላየውም ማለት እንጂ አልነበረም ማለት አይደለም ያለችበት አነጋገር ግን ባይኖር ይሻል ነበር፤ የመርካቶው ሰው ከዚያ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አልጻፈም።

መልስ 4፦ ከአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ካለ ማተሚያ ቤት የጻፈ ወገናችን ውይይቱን ሰፋ አደረገው። እነሱ ዘንድ ስታቲክ የሚመጣው በክረምት ነው፤ ማለትም በእነሱ ብርድ ወራት። ዜሮ ዲግሪ ላይ እርጥበት የጠገበ አየር ወደ ቤት ገብቶ እስከ 22 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 23 በመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባም በበጋ ሌሊት 10 ዲግሪ ላይ የጠገበው አየር ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ሲደርስ ከ40 በመቶ በታች ነው፤ ውኃው አልጠፋም፣ አየሩ ብዙ መሸከም ስለቻለ ነው። የእኔ ማሽን ጠዋት ሠርቶ ረፋዱን የሚያምፅበት ምክንያት በዚህ ስሌት ውስጥ እንዳለ ጠቆመኝ። እኔም ስሌቱን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ከአየሩ ጋር አያያዝሁት።

በዚያው መልሱ ብዙዎች የማያውቁትን ታሪክ አነሣ። ዛሬ ቢሮውን ሁሉ የሚያቀዘቅዘው ኤር ኮንዲሽነር የተወለደው ሰው ሞቀኝ ስላለ ሳይሆን ወረቀት ስለተቸገረ ነው። በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኒው ዮርክ ብሩክሊን የነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ቀለም በቀለም ላይ ሲያትም፣ በሁለቱ ቀለሞች መካከል የአየሩ እርጥበት እየተለወጠ ወረቀቱ ይረዝምና ያጥር ስለነበር ቀለሞቹ አልገጥም አሉ። ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ ዓመቱን ሙሉ እርጥበቱን 55 በመቶ ላይ የሚያጸና መሣሪያ ነደፈላቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ለማተሚያ ክፍል የሚመከረው ቁጥር ከዚያ ብዙም አልራቀም።

መልስ 5፦ ይኸኛው የእኔ ነው። መለኪያ ገዝቼ ሦስት ቀን ከመዘገብሁ በኋላ ተመለስሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት 48 በመቶ፣ 5 ሰዓት ላይ 35፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ 26 በመቶ። ሙቀቱ ከ17 እስከ 25 ዲግሪ። ወረቀቱን 70 በ100 ከሆነው ትልቅ ሉክ በራሳችን መቁረጫ 35 በ50 አድርገን አራት አራት እንደምናወጣ፣ የተከፈተው ደስጣም አንዳንዴ ሁለት ቀን ሳይሸፈን እንደሚያድር ጻፍሁ። ቁጥሮቹን ሳስቀምጥ ክርክሩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር፤ 26 በመቶ ያየ ሰው ከእንግዲህ ስለ ሌላ ምን ያወራል?

መልስ 6፦ እዚህ ላይ ነው ክሩን ክር ያደረገው መልስ የመጣው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የኅትመት ባለሙያ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው፣ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ጋሼ ስለ እርጥበት የተባለውን ሁሉ አንብበው፣ ማንም ስለ ቢላው ያልጠየቀኝ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም ድርብ የሚነሣ ወረቀት ሁሉ የስታቲክ በሽተኛ እንዳልሆነ፣ ሦስት በሽታዎች አንድ ዓይነት ምልክት እንደሚያሳዩ አስረዱ።

መቁረጫው ሲዶለዱም ወረቀቱን መቁረጡ ይቀርና መጨፍለቅ ይጀምራል፤ የአንዱ ሉክ ጠርዝ ከሥሩ ካለው ጋር እየተቆላለፈ እንደ ተበየደ ይሆናል። ምርመራቸው መሣሪያ አይፈልግም። ከክምሩ ሁለት ጣት ውፍረት ያህል ወረቀት ይነሣና በሁለት እጅ ይታጠፋል። ጠርዙ እንደ ጡብ አንድ ላይ ሆኖ እምቢ ካለ በኋላ ጠሽ እያለ በክፍልፋይ የሚላቀቅ ከሆነና አንዴ ከተላቀቀ በኋላ ገጹ ያለ ችግር የሚንሸራተት ከሆነ፣ ጥፋቱ የቢላው ነው። ጠርዙ ነፃ ሆኖ ገጹ በሙሉ የሚጣበቅ፣ የተነሣው ሉክ እጅ የሚከተል፣ ግድግዳ ላይ ሲያስጠጉት የሚለጠፍ ከሆነ ስታቲክ ነው። ሁለቱም ሳይሆኑ አንዱ ማዕዘን ብቻ አልነሣ የሚል ከሆነ ደግሞ ወይ ወረቀቱ ተጣሟል፣ ወይ የዚያ ወገን ሳከር ላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ወይ የአየር ቱቦው ውስጥ የወረቀት ብናኝ ተሰብስቧል። ምርመራውም ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ከተቆረጠው ጎንና ካልተቆረጠው ጎን መደረግ አለበት አሉ። ከአንድ ትልቅ ሉክ አራት ሲወጣ እያንዳንዱ ሉክ ቢያንስ ሁለት የፋብሪካ ያልሆነ ጠርዝ ይኖረዋልና።

እውነቱን ለመናገር መልሱን ሳነብ ቅር ብሎኝ ነበር። ፀጉር የሚያቆም ኤሌክትሪክ እያየሁ ስለ ቢላ መስማት አልፈለግሁም። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ሠራተኞቹ ሳይመጡ አጠፍሁት፤ ጠሽ አለ። በተቆረጡት ሁለት ጎኖች አሥር አሥር፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሉክ አንድ ላይ ተያይዟል። በፋብሪካው ጠርዝ በኩል ግን ምንም የለም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንደገና አጠፍሁ፤ አሁን ጠርዙም ገጹም ተጣብቋል። ይኸውም ሁለት በሽታ ተደራርቦ ነበር ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ወረቀቱን እያራገቡ ስለሚጭኑትና የክምሩ ነፋሽም የቀረውን ስለሚለያየው፣ የቢላው ጥፋት አይታይም ነበር። ስታቲኩ ሲጨመር ነፋሹ አቅም አጣ። ወፍራሙ የጥሪ ካርድ ደግሞ በራሱ ግትርነት ስለሚላቀቅ ለሁለቱም ደንታ የለውም። ሙሉ በሙሉ ያልሁት ነገር ግማሽ ብቻ እንደነበር የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

መልስ 7፦ አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ከጋሼ ጋር እንደማይቃረን አስቀድሞ አሳውቆ፣ የስታቲኩን ግማሽ በሚገባ ሊያስረዳ ተነሣ። ብዙ ባለማተሚያዎች ማሽኑ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ) ስላለው ወረቀቱም ቻርጁን በማሽኑ በኩል ወደ መሬት የሚያፈስስ ይመስላቸዋል። ደረቅ ወረቀት ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቻርጁ በተቀመጠበት ቦታ ይቆያል፤ ብረት ሲነካውም የሚለቀው የተነካችውን ነጥብ ብቻ ነው። ብረቱ ኧርዝ መሆኑ ሰውን ከንዝረት ይጠብቃል እንጂ ወረቀቱን አያራግፍም። እርጥበት የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። በወረቀቱ ቃጫ ላይ የሚያድረው ስስ ውኃ ቻርጁን መንገድ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ 26 በመቶ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ቻርጅ 50 በመቶ ላይ ወዲያው ይበተናል።

አዮናይዘር የሚሠራው አየሩን ራሱን አስተላላፊ በማድረግ ነው። በጥቂት ሺህ ቮልት የሚሠሩ መርፌዎች በአጠገባቸው ያለውን አየር ወደ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አዮን ይከፍሉታል፤ ወረቀቱ ከሁለቱ የሚያስፈልገውን ይስባል። መርፌዎቹ የተደረደሩበት ባር ከወረቀቱ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ባለ ርቀት መሆን አለበት። ከዚህ የበለጠ የሚረሳው ነገር ግን ባሩ ፊት ለፊት ያለው ወረቀት በአየር ላይ የሚያልፍ እንጂ ብረት ላይ የተኛ አለመሆኑ ነው። ሉኩ ብረት ላይ ሲተኛ የቻርጁ ጉልበት ወደ ብረቱ ይዞራል፤ አዮኖቹም የሚስባቸው አጥተው ይቀራሉ። ባሩን ገዝተው በማስገቢያው ጠረጴዛ ላይ ገጥመው ምንም አልሠራልንም የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የተሳሳቱት እዚህ ነው። መርፌዎቹ በወረቀት ብናኝና የታተሙት ሉኮች እንዳይነካኩ በሚረጨው ዱቄት ሲሸፈኑ ሥራቸውን ስለሚያቆሙ በየሳምንቱ በብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ከብላንኬቱ (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ ከሚያሳርፈው ላስቲክ) ሲላቀቅ ሉኩ እንደገና ቻርጅ ስለሚይዝም፣ በመግቢያው የተተከለ ባር የመውጫውን ችግር አይፈታም።

መልስ 8 እና 9፦ የመሐንዲሱን መልስ ያነበበ አንድ ሰው እሱ ዘንድ ኧርዝ የሚባል ነገር ስለሌለ የማሽኑን አካል ከኒውትራሉ (ከመብራት መስመሩ መመለሻ ሽቦ) ጋር እንዳገናኘውና ከዚያ ወዲህ ንዝረቱ እንደቀነሰ በኩራት ተናገረ። መሐንዲሱ በደቂቃዎች ውስጥ መለሰ፤ ትሕትናውንም ወደ ጎን ትቶ። ወደ ሕንፃው የሚገባው ኒውትራል ድንገት ቢቋረጥ የማሽኑ ብረት በሙሉ 220 ቮልት እንደሚሸከም፣ ያን ጊዜ የሚሞተውም ስታቲኩ ሳይሆን ኦፕሬተሩ እንደሆነ ጻፈ። ከዚያ ረጋ ብሎ ትክክለኛውን መንገድ አስረዳ፦ የመሬት ዘንግ መቅበር፣ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ማስተላለፉን እንዳይቀንስ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ማድረግና ውኃ ማጠጣት፣ ሥራውንም ለባለሙያ መስጠት። ብላንኬትና ሮለር በቤንዚን የምናጥብ ሰዎች ይበልጥ እንድንፈራም አሳሰበ። የቤንዚን ትነት በየትኛውም የአዲስ አበባ ሙቀት ላይ ለመቀጣጠል ዝግጁ ነው፤ ጣት የምትነዝር ብልጭታም ትበቃዋለች። የታጠበበትን ጨርቅ መውጫው ሥር የሚወረውር ልጅ እኔም ዘንድ ነበር፤ በዚያው ቀን ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ገዛሁ።

መልስ 10፦ ቀጣዩ ሐሳብ ለእኔ አዲስ ነበር። አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ማተሚያ ነክቶ እንደማያውቅ አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቆ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል እንደሚያንስ አስታወሰ። ሳከር ወረቀት የሚያነሣው በውጭ ባለው የአየር ግፊት ነው እንጂ በራሱ ጉልበት አይደለምና፣ ጀርመን ውስጥ የተጻፈ መመሪያ የሚሰጠው የፓምፕ ልክ እዚህ አይገኝም። የመጀመሪያው መልስ ሰጪ፣ ጠጋኙ፣ ተመልሶ መጣና ሐሳቡን አደነቀ፤ ግን ለእኔ ችግር እንደማይሠራ አሳየ። የመምጠጥ ማነስ የሚጎዳው ወፍራሙን ወረቀት ነው። በ60 ግራም ወረቀት ላይ የሚያስቸግረው ተቃራኒው ነው፤ አየር በስሱ ወረቀት ቀዳዳዎች ሾልኮ ሁለተኛውን ሉክ ይስባል። ስለዚህ ለስስ ወረቀት መምጠጡ ይቀነሳል፣ የሳከሩ ላስቲክ በአነስተኛው ይለወጣል፣ ነፋሹ ግን ይጨመራል። የከፍታው ጉዳይ ነፋሹን ስለሚያዳክም ምናልባት በዚያ በኩል መምህሩ ትክክል ይሆናሉ ብሎ በአክብሮት ዘጋው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ድርብ በተነሣ ቁጥር መምጠጡን እጨምር ነበር።

መልስ 11፦ ከባሕር ዳር የጻፈች እኅት ውይይቱን ወደ ቡና ወሰደችው። ማተሚያ ክፍላቸው ውስጥ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ወረቀቱ ልቡ እንደሚረጋ፣ ጀበናው ሲነሣ ደግሞ እንደሚያምፅ በጨዋታ መልክ ጻፈች። ብዙ ሰው ሳቀ፤ አንድ ሁለቱ ግን ከሰልና የሮለር ማጠቢያ በአንድ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠሩ በቁጣ ጠየቁ።

መልስ 12፦ የአሜሪካው ወገናችን ቀልዱን በቁም ነገር ወስዶ አሰላው። የእኔ ክፍል 150 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይይዛል። ያን አየር ከ26 ወደ 50 በመቶ ለማድረስ የሚያስፈልገው ውኃ ከሦስት ሩብ ሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ነገር ግን በር ሲከፈትና ሲዘጋ የክፍሉ አየር በሰዓት ሦስት ጊዜ ቢለወጥ፣ በየሰዓቱ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል መትነን አለበት። ይህን በማፍላት ለማድረግ ከ1.5 ኪሎዋት በላይ ኃይል ያስፈልጋል፤ አንድ ጀበና የሚያደርገው ነገር አይደለም። በሩን መዝጋት ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከውኃው ሁሉ በፊት የሚሠራውም እሱ ነው አለ። በጭጋግ መልክ ውኃ የሚረጩት ትንንሽ መሣሪያዎች ማዕድን ያለበት ውኃ ሲሰጣቸው ነጭ ብናኝ ስለሚተፉ ለብላንኬት እንደማይስማሙም ጨመረ። በእርጥብ ጨርቅ ላይ አየር የሚያሳልፍ ማራገቢያ፣ ከክምሩ ራቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ እንደሚሻል መከረ።

መልስ 13፦ እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንድ ሰው ድሮ ስታቲክ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ተናገረ፤ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመውን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን፣ ፊደል ለቃሚዎቹን፣ የእርሳስ ሆሄያቱን በናፍቆት አነሣ። ሌላው የድሮ ማተሚያ ዝግ ብሎ ስለሚሄድ፣ ወረቀቱም በእጅ ስለሚገባ እንጂ አየሩ ያን ጊዜም ደረቅ እንደነበር መለሰለት፤ ፍጥነት ሲጨምር ሉኮቹ የሚላቀቁበት ፍጥነትም ስለሚጨምር ቻርጁ ይበረታል። ሦስተኛው የወረቀት ዋጋን አመጣ፣ አራተኛው የውጭ ምንዛሪን፣ ከዚያ ስድብ ሊጀመር ሲል የመድረኩ ተቆጣጣሪ ሦስት መልሶችን ሰርዞ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ጠየቀ። በቁጥሩ መካከል ክፍተት የሌለው ኋላ እንደገና ስለተስተካከለ ነው።

መልስ 14፦ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የቆየው የመርካቶው ሰው ተመለሰ፤ ይዞት የመጣውም ከሁሉ ርካሹን መፍትሔ ነበር። ከብዙ ስስ የመዳብ ክሮች የተሠራ የኤሌክትሪክ ገመድ ልጦ፣ ክሮቹን እንደ ጭራ በትኖ፣ በመውጫው በኩል ሉኮቹ በአየር ላይ በሚያልፉበት ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሰቅሎታል፤ ጫፉንም ከእውነተኛ ኧርዝ ጋር አገናኝቶታል። መሐንዲሱ ወዲያው ደገፈው። ሹል የመዳብ ጫፎች በቻርጁ በራሱ ጉልበት አዮን ያፈልቃሉ፤ መብራት አይፈልጉም። ሙሉ በሙሉ አያጸዱም፤ ቻርጁ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ይተኛሉ፤ ሉኮቹን እንዲደላደሉ ለማድረግ ግን ብዙ ጊዜ በቂ ናቸው። አንድ ሰው የገና ዛፍ ማስጌጫ ብልጭልጭ ይሆን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ እሱ በአብዛኛው ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ስስ ብረት ስለሆነ እንዳይታመንበት ተነገረው። የጥራት ተቆጣጣሪዋም ዘዴውን አመስግና፣ በመልስ 3 ስለተጠቀመችበት አነጋገር የመርካቶውን ሰው ይቅርታ ጠየቀች።

መልስ 15፦ የልብስ ማለስለሻ በውኃ በጥብጦ ክምሩ ላይ መርጨት ይቻል እንደሆነ የጠየቀ ሰው ነበረ። ማለስለሻው እርጥበት ስቦ ስለሚይዝ ስታቲክ ማጥፋቱ እውነት ነው። ወረቀት ላይ ሲያርፍና ወደ ፕሌቱ (የሚታተመውን ምስል ወደያዘው ሰሌዳ) ሲደርስ ግን የቀለሙንና የውኃውን ሚዛን አበላሽቶ ባዶው ቦታ ቀለም እንዲይዝ ያደርጋል። ጋሼ በአንድ መስመር ብቻ ይህን እንዳያደርግ ነገሩት።

መልስ 16፦ የእኔ የመጨረሻ ዘገባ። ቢላውን አስሳልሁ። የተከፈተ ደስጣ ዳግመኛ በላስቲክ ይሸፈናል፤ ወረቀቱ ማሸጊያው ሳይቀደድ አንድ ቀን በማተሚያ ክፍሉ ያድራል። 60 ግራሙ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት፣ የጥሪ ካርዱ ከሰዓት በኋላ እንዲታተም ፕሮግራሙን ቀየርሁ። በሩ ይዘጋል፤ በስተጥግ እርጥብ አቡጀዲ ፊት የቆመ ማራገቢያ አለ። 9 ሰዓት ላይ መለኪያው አሁን 41 ያሳያል፤ 50 አልደረሰም፣ እንደማይደርስም ተቀብያለሁ። መምጠጡን ቀንሼ ነፋሹን ጨመርሁ፤ የመዳቡም ጭራ በመውጫው ተሰቅሏል። ከዚህ ሁሉ በፊት ከ500 ሉክ ውስጥ ስድስት ሰባት ጊዜ ድርብ ያነሣ የነበረው ማሽን፣ አስቸኳይ ሲሆን ከሰዓት በኋላም 60 ግራም እንጭናለን፣ አሁን በሦስት ደስጣ አንድ ጊዜ ቢያቆም ነው። አዮናይዘሩን አልገዛሁም፤ አያስፈልግም ማለቴ ግን አይደለም፤ አራት ቀለም የሚያትም፣ ስስ ወረቀት ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ሰው ያስፈልገዋል።

ከየትኛው እርምጃ ብዙ እንዳገኘሁ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ቢላው ከተሳለ በኋላ ሌላው ገና ሳይደረግ አንድ ቀን ሠርተን ስለነበር መልሱን አውቀዋለሁ፤ በዚያ ቀን ብቻ ድርቡ ከግማሽ በታች ወረደ፣ መለኪያው ያን ጊዜም 26 ላይ ነበር። መሐንዲሱ በዚህ አልተደሰተም፤ የአንድ ቀን ውጤት ማስረጃ እንደማይሆን ጻፈ። ልክ ነው፣ ግን ቁጥሩ ይኸው ነው።

መልስ 17፦ ጋሼ ቢላው እንደገና የሚሳልበትን ቀን በምን እንደማውቅ ጠየቁኝ። መቁረጫው አጠገብ በምስማር የተንጠለጠለ ደብተር አለ፤ ከተሳለበት ቀን ጀምሮ የተቆረጠው ደስጣ ሁሉ ይመዘገብበታል፤ በየሃያውም ልጁ ሁለት ጣት ውፍረት ወረቀት አጥፎ ጠርዙን ያዳምጣል። ይህን እስከጻፍሁበት ምሽት 143 ደርሷል፤ ጠሽ ማለት ገና አልጀመረም።